ራስት፦ አንድ ትሬድ ፓኒክ ሲያደርግ ሚውቴክሱ ተመርዞ ሌሎቹም ተከትለው ይወድቃሉ፤ «ኢንቱ_ኢነር» ብሎ ማለፍ ይበቃል?

ሸማኔው (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት የሚቆርጥ ሰርቨር ነው። በራስት የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ አሲንክ የለበትም፤ 8 ትሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጡ ሥራዎች) ከወረፋ ጥያቄ እያነሱ ያስተናግዳሉ። ሁሉም የሚጋሩት አንድ ዳታ ነው፦ በአርክ (ትሬዶች የሚጋሩት መያዣ) የተጠቀለለ ሚውቴክስ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያስገባ ሎክ)፣ ውስጡ ሀሽማፕ (በቁልፍ ዋጋ የሚፈለግበት ሰንጠረዥ)። ቁልፉ የጉዞ ቁጥር ሲሆን ዋጋው «ጉዞ» የሚባል ስትራክት ነው። ስትራክቱ ሁለት ፊልድ አለው፦ «ወንበሮች» (45 ኦፕሽን የያዘ ቬክ፣ ማለትም ዝርዝር፤ ባዶ ወንበር «ነን»፣ ማለትም «ምንም የለም» ነው፣ የተያዘው የተሳፋሪውን ቁጥር ይይዛል) እና «የቀሩ» (ዩ8 ቆጣሪ፤ ከ0 እስከ 255 ብቻ የሚይዝ)። ራስት ከ1.53 ጀምሮ ለስም የግዕዝ ፊደል ስለሚቀበል ስሞቹ ኮዱ ውስጥም እንዲሁ ናቸው።

ትኬት የሚቆርጠው ፈንክሽን ሎክ ይላል፣ ቆጣሪውን በ1 ይቀንሳል፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ የተሳፋሪውን ቁጥር ይጽፋል። ደንበኛ ወንበር 45ን ሲጠይቅ ኮዱ 1 ሳይቀንስ በቀጥታ ኢንዴክስ አደረገው። ቬኩ ከ0 እስከ 44 ስለሆነ «ርዝመቱ 45፣ ኢንዴክሱም 45» የሚል ፓኒክ (ትሬዱን የሚጥል ስህተት) መጣ። ይህን ማረም ቀላል ነው። ያስቸገረው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ የቀሩት 7 ትሬዶች ሎክ ባሉ ቁጥር «ሎክ().አንራፕ()» ላይ (አንራፕ ኤረር ሲያገኝ ፓኒክ ያደርጋል) ፖይዘን_ኤረር፣ ማለትም «ሚውቴክሱ ተመርዟል» እያሉ ተራ በተራ ወደቁ። ፕሮሰሱ ግን አልሞተም። ዋናው ትሬድ ግንኙነት እየተቀበለ ወረፋ ላይ ይደረድራል፤ ከወረፋው የሚያነሳ ግን የለም። ከውጭ ሲታይ ፖርቱ ክፍት ነው፣ መልስ የለም።

በኮዱ ውስጥ «ሎክ().አንራፕ()» 34 ቦታ አለ። ሁሉንም «ሎክ().አንራፕ_ኦር_ኤልስ(|ኢ| ኢ.ኢንቱ_ኢነር())» ብዬ፣ ማለትም መርዙን ችላ ብሎ እንዲያልፍ አድርጌ ብቀይራቸው ይበቃል? መርዙን ጨርሶ ማጥፋትስ ይቻላል? ሌላም አለ፦ የወንበር ሰንጠረዡ በሼርድ ሜሞሪ (ሁለት ፕሮሰሶች በጋራ የሚያዩት ሜሞሪ) በኩል በሲ ከተጻፈ ሌላ ፕሮሰስ ጋር ሊጋራ ነው። እዚያ ሎኩን የያዘው ፕሮሰስ ቢሞት ምን ይሆናል?

---

ቁልፍ_ያዥ

ሎጉ ላይ ካሉት 8 ፓኒኮች ጥፋተኛው አንዱ ብቻ ነው። ሰባቱ አስከሬን አይተው የደነገጡ ናቸው። ፖይዘን_ኤረር የሚል መስመር ስታይ እዚያ አትቁም፤ ወደ ላይ ውጣና ፖይዘን የሚል ቃል የሌለበትን ፓኒክ ፈልግ። ይህን ለማቅለል ትሬዶቹን በ«ትሬድ::ቢልደር» ስም እየሰጠህ ፍጠራቸው፤ አለበለዚያ ሁሉም «ስም የለሽ» ሆነው ነው የሚታዩህ። ስሙን በግዕዝ ፊደል ካወጣህ አንድ ነገር አስብ፦ ሊኑክስ ለትሬድ ስም የሚሰጠው ቦታ 15 ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ «ቶፕ» (የሚሮጡትን የሚያሳየው ትዕዛዝ) ላይ የሚታይህ 5 ፊደል ነው። የራስት የፓኒክ መልዕክት ግን ስሙን ሳይቆርጥ ያትመዋል።

አሁን ወደ መርዙ። ሎክ ስትል የምታገኘው ጋርድ (ሎኩን የሚይዝልህና ሲጣል የሚለቀው ዋጋ) በዚያች ቅጽበት ትሬዱ ፓኒክ ላይ መሆን አለመሆኑን ይመዘግባል። ጋርዱ ሲለቀቅ እንደገና ያያል። ሲይዝ ደህና የነበረ ትሬድ ሲለቅ ፓኒክ ላይ ከሆነ ሚውቴክሱ ላይ አንዲት ምልክት ይተዋል። መመረዝ ማለት ይኸው ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። ሎኩ ተቆልፎ አልቀረም፣ ተለቋል። ዳታውም ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ምልክቱ «ይዞት የነበረው ስራውን ሳይጨርስ ሞቷል» ይላል፤ ዳታውን ምን ላይ እንደተወው ግን አይነግርህም።

ስለዚህ 34ቱን ቦታ በጭፍን መቀየር አይበጅም። ያንተ ፈንክሽን የወደቀው ቆጣሪው ከተቀነሰ በኋላ፣ ወንበሩ ሳይጻፍ ነው። ምልክቱን ዘለህ ከቀጠልክ ያ ጉዞ እስከ መጨረሻው አንድ ወንበር ይጎድለዋል፤ አንድ ወንበር ባዶውን እየሄደ ሰርቨሩ «ሞልቷል» ይላል። ሁለቱን መስመሮች ብታቀያይራቸው ኖሮ ኢንዴክሱ ላይ የሚመጣው ፓኒክ ምንም ነገር ሳይቀየር ይደርስ ነበር፤ ሚውቴክሱ ያው ይመረዛል፣ ዳታው ግን ሙሉ በሙሉ ጤነኛ ነው። ያው መርዝ፣ ሁለት የተለያየ ውጤት። መልሱ ያለው ፈንክሽኑ ውስጥ ነው፤ ኤረሩ ውስጥ ብትፈልገው አታገኘውም።

መድኃኒቱ ፓኒክ ሊያደርግ የሚችለውን ሁሉ ከሎኩ በፊት ወይም ከመጀመሪያው ለውጥ በፊት ማስቀደም ነው። የወንበር ቁጥሩን ሎክ ሳትል በ«ቼክድ_ሰብ(1)» ቀንስ፤ ሎክ ካልክ በኋላ በቅንፍ ኢንዴክስ ከማድረግ «ጌት_ሚውት» ተጠቀም፤ ኦፕሽን ስለሚመልስ 45 ሲመጣ ነን ታገኛለህ፣ ፓኒክ አይኖርም። ወንበሩ ነጻ መሆኑን አረጋግጥ። ከዚያ በኋላ ብቻ ሁለቱን ለውጦች ጎን ለጎን አድርግ፤ በመካከላቸው ሎግ መጻፍም ሆነ ስትሪንግ ማዘጋጀት አይግባ።

---

ፊደል_ቆጣሪ

ከላይ የተባለው ላይ ልጨምር። መርዝ የሚያውቀው ፓኒክን ብቻ ነው፤ ይህ በሁለት በኩል ያታልላል።

አንደኛው የጥያቄ ምልክቱ ነው። ቆጣሪውን ቀንሰህ፣ ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ በ«?» ኤረር መልሰህ ብትወጣ ዳታው ልክ እንደ ፓኒኩ ግማሽ ላይ ይቀራል፤ ሚውቴክሱ ግን አይመረዝም፣ ማንም አያውቅም። ሁለተኛው ቆጣሪህ ዩ8 መሆኑ ነው። ዜሮ ሆኖ አንድ ሲቀነስበት በዲበግ ቢልድ (ለሙከራ በሚዘጋጀው) ፓኒክ ያደርጋል። በሪሊዝ ቢልድ (ለሥራ በሚወጣው) ግን «ኦቨርፍሎው-ቼክስ» ካላበራህ በቀር በዝምታ 255 ይሆናል። 45 ወንበር ያለው አውቶቡስ 255 ወንበር ሲሸጥ ከማየት መመረዙ ሺህ ጊዜ ይሻላል። ካርጎ ፋይልህ (የፕሮጀክቱ ማዋቀሪያ) ላይ በሪሊዝ ፕሮፋይል ስር አብራው።

መርዙን ማጥፋት ይቻላል፤ ሚውቴክሱ ላይ «ክሊር_ፖይዘን()» ከ1.77 ጀምሮ አለ። ቅደም ተከተሉ ግን እንዲህ ይሁን፦ ሎክ በል፤ ኤረር ከመጣ በ«ኢንቱ_ኢነር()» ጋርዱን ከውስጡ አውጣ፤ ጋርዱን እንደያዝክ ዳታውን ጠግን፤ ጋርዱ እጅህ ላይ እያለ «ክሊር_ፖይዘን()» ጥራ፤ ከዚያ ጋርዱን ለጠሪው መልስ። «ክሊር_ፖይዘን» ሎክ መያዝን አይጠይቅም፤ አደጋውም እዚያ ነው። ጋርድ ሳትይዝ ከጠራኸው ሌላ ትሬድ ጥገናው ሳይደረግ ይገባና ንጹህ ነው ብሎ ይሰራል።

ጥገናው ያንተ ጉዳይ ላይ በጣም ቀላል ነው፤ እውነቱ ያለው «ወንበሮች» ውስጥ ነው። ነን የሆኑትን ቆጥረህ «የቀሩ» ላይ ጻፍ። እንደውም ለ45 ወንበር ቆጣሪ ማስቀመጥ ለምን አስፈለገ? ሲጠየቅ ቁጠረው። ሊጣረስ የሚችል ሁለተኛ ፊልድ ከሌለ የሚጠገንም ነገር የለም። ቆጣሪው የግድ ከሆነ 34ቱን ቦታ «ጉዞዎችን_ያዝ()» በሚባል አንድ ፈንክሽን ተካቸው፤ ጥገናው እዚያ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ።

እዚያ ፈንክሽን ውስጥ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ጉድጓድ አለ። ፖይዘን_ኤረር ጋርዱን ውስጡ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ኤረሩ በሕይወት እስካለ ድረስ ሎኩ ተይዟል። ስለዚህ «ማች» (እንደ ውጤቱ ቅርንጫፍ የሚመርጠው) ላይ ኤረሩን «ኤር(_)» ብለህ ንቀህ፣ እዚያው ቅርንጫፍ ውስጥ መርዙን አጥፍተህ እንደገና «ሎክ()» ብትል ራስህን ቆልፈህ ትቀራለህ። ኤረሩን ባትፈልገውም ማቹ እስኪያልቅ ድረስ አይለቀቅም። ሎግ ላይ ምንም አይጻፍም፣ ፓኒክ የለም፣ ትሬዱ ዝም ብሎ ይቆማል። ሁለተኛ ሎክ አትጥራ፤ በእጅህ ያለውን ጋርድ ተጠቀምበት።

---

ደረቅ_ወት

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ፓርኪንግ_ሎት የሚባለውን ላይብረሪ ተጠቀም። መመረዝ የሚባል ነገር የለውም፣ «ሎክ()» በቀጥታ ጋርድ ይመልሳል፣ 34ቱም አንራፕ ይጠፋል። ቶኪዮም (የአሲንክ ላይብረሪው) ሚውቴክሱ አይመርዝም። ለማንኛውም በራስት ስታንዳርድ ውስጥ ሎክ ይዞ ፓኒክ ያደረገ ሁሉ ይመርዛል፣ ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ነው።

---

ቁልፍ_ያዥ

@ደረቅ_ወት «ሁሉ ይመርዛል» የሚለው ልክ አይደለም። ቢያንስ ሦስት ቦታ አይመርዝም። አርደብልዩ_ሎክ (ብዙ አንባቢ ወይም አንድ ጸሐፊ የሚያስገባ ሎክ) የሚመረዘው ጸሐፊ ይዞት ፓኒክ ሲያደርግ ብቻ ነው፤ አንባቢ ቢወድቅ ምንም አይሆንም፣ ምክንያቱም አንባቢ የሚያበላሸው ነገር አልነበረውም። ሁለተኛ፣ ትሬዱ አስቀድሞ ፓኒክ ላይ ሆኖ ስታኩን እየፈታ ሳለ፣ አንድ «ድሮፕ» (ዋጋ ሲጣል የሚሮጥ ኮድ) ውስጥ ሎክ ይዞ ቢለቅ አይመርዝም፤ ሲይዝም ፓኒክ ላይ ነበርና። ሦስተኛው ስውር ነው፦ ጋርዱን ከ«ካች_አንዋይንድ» (ፓኒክን የሚይዝ ፈንክሽን) ውጭ ይዘህ፣ ውስጥ ያለው ኮድ በዚያው ጋርድ ዳታውን ሲነካ ፓኒክ ቢያደርግ፣ ፓኒኩ የሚያዘው ጋርዱ ከመለቀቁ በፊት ነው። ጋርዱ ሲለቀቅ ትሬዱ ሰላም ነው፤ ስለዚህ ዳታው ግማሽ ላይ ሆኖም ምልክቱ አይቆምም።

ፓርኪንግ_ሎትን በተመለከተ፦ ጥሩ ላይብረሪ ነው፤ ግን ቆጣሪውን አያስተካክልለትም። ትሬዱ ሲሞት ሎኩ ይለቀቃል፣ ቀጣዩ ገብቶ የተጣመመውን ቁጥር ያነባል፤ ልዩነቱ የሚነግረው አለመኖሩ ነው። ዳታህ አንድ ነጠላ ዋጋ ከሆነ፣ ወይም ለውጡ ሁሉ በአንድ ምደባ የሚያልቅ ከሆነ ምረጠው። ሌላም ልዩነት አለ፦ የስታንዳርዱ ሚውቴክስ መመረዝ ስላለው «አንዋይንድ_ሴፍ» ተብሎ ይቆጠራል፤ «ካች_አንዋይንድ» ውስጥ ያለ ቅሬታ ይገባል። የማይመርዝ ሚውቴክስ ስታስገባ ኮምፓይለሩ «አሰርት_አንዋይንድ_ሴፍ» ብለህ ራስህ ኃላፊነቱን እንድትወስድ ያስገድድሃል።

---

ሸማኔው

በጣም አመሰግናለሁ። ቆጣሪው ይውጣ የሚለውን ተቀብያለሁ። ሁለት ነገር አልገባኝም። አንደኛ፣ አንድ ትሬድ ቢወድቅ ሌሎቹ እንዲቀጥሉ «ካች_አንዋይንድ» የት ይቀመጥ? ሁለተኛ፣ በሙከራ ላይ አልፎ አልፎ ፕሮሰሱ ሙሉ በሙሉ በኮድ 134 ይወጣል፤ ይህ ከመመረዙ ጋር ይያያዛል?

---

ፊደል_ቆጣሪ

134 ማለት 128 ሲደመር 6 ነው፤ ሲግናል 6፣ አቦርት። ከመመረዝ ጋር የሚያያዝበት የታወቀ መንገድ አለ፦ ድርብ ፓኒክ። ትሬዱ ፓኒክ ሲያደርግ ሎካል ቫሪያብሎች ከታወጁበት በተቃራኒ ቅደም ተከተል ይጣላሉ። ጋርዱ ቀድሞ ይለቀቃል፣ ሚውቴክሱ ይመረዛል። ቀጥሎ የሚጣለው ስትራክት «ድሮፕ» ውስጥ ያንኑ ሚውቴክስ «ሎክ().አንራፕ()» ካለ ፖይዘን_ኤረር ያገኛል፣ አንራፑም ፓኒክ ያደርጋል። ፓኒክ ላይ እያለ ከ«ድሮፕ» የሚወጣ ሁለተኛ ፓኒክ ሲመጣ ራስት ፕሮሰሱን ይገድለዋል። ኮድህ ውስጥ «ድሮፕ» ያለውን ሁሉ ፈልግ፤ እዚያ ውስጥ አንራፕ መኖር የለበትም። «ድሮፕ» ውስጥ ሲሆን ያለ ሐሳብ «ኢንቱ_ኢነር» ማለት ወይም ኤረር ከመጣ ምንም ሳያደርጉ መመለስ ተገቢ ነው።

ሌላ እጩ የስታክ ኦቨርፍሎው ነው። እሱ ፓኒክ አይደለም፤ በቀጥታ ፕሮሰሱን ይጥላል፣ «ካች_አንዋይንድ» አይዘውም። ሎጉ ላይ ስታኩ ሞልቶ ፈሰሰ የሚል መስመር ስለሚጽፍ ከመጀመሪያው ትለየዋለህ። ካርጎ ፋይሉ ላይ የፓኒክ ምርጫው «አቦርት» መሆን አለመሆኑንም እይ። አቦርት ከሆነ የመጀመሪያው ፓኒክ ፕሮሰሱን ይገድላል፣ መመረዝ የሚባል ነገርም አይኖርም፣ እዚህ የተነጋገርነው ሁሉ አይመለከትህም። በነገራችን ላይ ለአንዳንድ ሰርቨር ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነው፦ ዳታው በዳታቤዝ ውስጥ ካለና ሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎት አስነሺ) በሰከንድ ውስጥ የሚያስነሳው ከሆነ፣ ሞቶ መነሳት ከመጠገን ይቀላል።

«ካች_አንዋይንድ» የሚቀመጠው ሠራተኛው ትሬድ ሉፕ ውስጥ፣ አንድ ጥያቄ በሚስተናገድበት ልክ ነው። ከወረፋ ማንሳቱ ከውጭ፣ ማስተናገዱ ከውስጥ። ፓኒክ ከመጣ ለደንበኛው 500 (የሰርቨር ስህተት) መልስና ቀጣዩን አንሳ። ሎክ መያዝም መልቀቅም ሁለቱም ውስጥ ይሁኑ፤ አለበለዚያ ቁልፍ_ያዥ የጠቀሰው ሦስተኛው ወጥመድ ውስጥ ትገባለህ። «ካች_አንዋይንድ» መርዙን አያጠፋም፤ ትሬዱን ብቻ ያድናል። ስለዚህ ከ«ጉዞዎችን_ያዝ()» ጋር አብሮ ካልሄደ ትሬዶችህ በሕይወት ኖረው ለእያንዳንዱ ጥያቄ 500 ሲመልሱ ይውላሉ።

የፓኒክ ሁክም (ፓኒክ ሲመጣ የሚጠራ ፈንክሽን) ልታስገባ ትችላለህ፤ ለሎግ ጥሩ ነው። ግን ሁኩ የሚጠራው ስታኩ መፈታት ከመጀመሩ በፊት፣ በዚያው በወደቀው ትሬድ ላይ ነው። ጋርዱ ገና አልተለቀቀም። ሁኩ ውስጥ ያንኑ ሚውቴክስ ሎክ ካልክ ትሬዱ ራሱን ይጠብቃል። ሁክ ውስጥ የጋራ ዳታ አይነካ፤ መልዕክቱን፣ የትሬዱን ስምና ቦታውን ጽፎ ይመለስ።

---

ቁልፍ_ያዥ

የዲዛይን ነገር አንድ ልበል፤ ጥገና ከማሰብህ በፊት መርዙ የሚደርስበትን ስፋት አጥብበው። አሁን አንድ ሚውቴክስ ሁሉንም ጉዞ ይዟል፤ የጎንደር አውቶቡስ ላይ የተፈጠረ ስህተት የጅማውን ያቆመዋል። ውጫዊውን ሀሽማፕ በአርደብልዩ_ሎክ ያዝ፣ እያንዳንዱን ጉዞ ደግሞ በራሱ ሚውቴክስ። ትኬት የሚቆርጥ ትሬድ ውጫዊውን ለንባብ ይዞ የጉዞውን አርክ ይገለብጣል፣ ውጫዊውን ይለቃል፣ ከዚያ የጉዞውን ሚውቴክስ ይይዛል። ፓኒክ ቢመጣ የሚመረዘው ያ አንድ ጉዞ ነው። ጥገናው አስተማማኝ ካልሆነ ያን ጉዞ «ለጊዜው አይሸጥም» ብለህ ሌላውን መቀጠል ትችላለህ፤ «ኢዝ_ፖይዘንድ()» ሎክ ሳይዝ ያሳይሃል፤ ግን ከሌላ ትሬድ ጋር እየተሽቀዳደመ ስለሆነ ለማሳያ እንጂ ለውሳኔ አትጠቀምበት።

«ውጫዊውን ይለቃል» ያልኩት ላይ ጥንቃቄ አድርግ። በ«ማች» ራስጌ ላይ «ሎክ().አንራፕ().ጌት(…)» ብትጽፍ ያ ስም የሌለው ጋርድ ማቹ እስኪያልቅ ይኖራል። በመጀመሪያ በ«ሌት» መስመር ዋጋውን አውጣ፣ ከዚያ ማች አድርግ። በ2024 ኤዲሽን «ኢፍ ሌት» ላይ ጋርዱ ወደ «ኤልስ» ከመግባቱ በፊት እንዲለቀቅ ተደርጓል፤ ማች ላይ ግን የድሮው ሕግ እንዳለ ነው። በተቃራኒው «ሌት _ = ሚ.ሎክ()» ብትል ጋርዱ እዚያው መስመር ላይ ይለቀቃል፤ ሎክ የያዝክ እየመሰለህ ባዶ እጅህን ትሰራለህ። ስም ስጠው፣ «_ጋርድ» እንኳ ቢሆን።

ኮንድቫር (ሁኔታ እስኪሟላ ትሬድ የሚያስተኛ) የምትጠቀም ከሆነ «ዌይት»ም ያው ሪዘልት ነው የሚመልሰው፤ እየተኛህ ሳለ ሌላው ሊመርዘው ይችላል። ያንኑ የጥገና መንገድ እዚያም ተከተል። ሌዚ_ሎክ (መጀመሪያ ሲነካ የሚዘጋጅ ዋጋ) ደግሞ ማስጀመሪያው ፈንክሽን ፓኒክ ካደረገ ለዘለዓለም ተመርዞ ይቀራል፣ ማጽጃ የለውም። ዋንስ_ሎክ (አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞላ ዋጋ) ግን «ጌት_ኦር_ኢኒት» ላይ ፓኒክ ቢመጣ ባዶ ሆኖ ይቆያል፣ ቀጣዩ ጠሪ እንደገና ይሞክራል። ኮንፊግ ፋይል ሊጎድል የሚችልበት ቦታ ላይ ሁለተኛውን ምረጥ።

---

ከርነል_ጓዳ

ሼርድ ሜሞሪው ላይ ማንም አልመለሰም። እዚያ የራስት ሚውቴክስ አይጠቅምህም፤ ፕሮሰስ በሲግናል 9 (በማይታለፈው መግደያ) ሲገደል «ድሮፕ» የሚሮጥበት ጊዜ የለም። በሲ በኩል ያለው ተራ ፒትሬድ (የሲ ትሬድ ላይብረሪ) ሚውቴክስም ባለቤቱ ሲሞት ተቆልፎ ይቀራል፤ ሌላው እስከ ዓለም ፍጻሜ ይጠብቃል። የሚያስፈልግህ ሮበስት ሚውቴክስ ነው፤ በፖዚክስ 2008 (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ስታንዳርድ) ውስጥ የገባ።

አሠራሩ፦ ሚውቴክሱን የምታስቀምጠው ሼርድ ሜሞሪው ውስጥ ነው። አትሪቢዩቱን ታዘጋጃለህ፤ በ«ሴት_ፒሼርድ» ለፕሮሰሶች የጋራ ታደርገዋለህ፤ በ«ሴት_ሮበስት» ሮበስት ታደርገዋለህ፤ ከዚያ ሚውቴክሱን ታስጀምራለህ። ማስጀመሩን አንድ ፕሮሰስ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ያድርገው። ከዚያ በኋላ የ«ሚውቴክስ_ሎክ»ን መመለሻ ሁልጊዜ መፈተሽ ግዴታ ነው፤ ብዙ የሲ ኮድ አይፈትሽም፣ ሮበስት ማድረጉም እዚያ ላይ ከንቱ ይሆናል።

0 ከመጣ ሰላም ነው። ኢ_ኦውነር_ዴድ ከመጣ (ሊኑክስ ላይ 130) ሎኩን ይዘኸዋል፣ የበፊቱ ባለቤት ግን ሞቷል። ሰንጠረዡን ጠግን፣ ከዚያ «ሚውቴክስ_ኮንሲስተንት» ጥራ፣ ከዚያ ልቀቅ። ኮንሲስተንት ሳትጠራ ከለቀቅከው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ኢ_ኖት_ሪከቨረብል ያገኛል (131)፤ ያ ሚውቴክስ ከዚህ በኋላ የሚሆነው ለማፍረስ ብቻ ነው። መጠገን የማትችል ከሆነ ሆን ብለህ ይህን ልታደርግ ትችላለህ፤ ሁሉም እንዲያውቁ።

ይህ ከራስት መመረዝ ጋር የሚመሳሰል ይመስላል፤ የሚለያዩበት ዋናው ነገር ምልክቱን ማን ያቆማል የሚለው ነው። ራስት ውስጥ የሚሞተው ትሬድ ራሱ፣ በጋርዱ በኩል ያቆማል። እዚህ ግን ከርነሉ ነው። እያንዳንዱ ትሬድ የያዛቸውን ሮበስት ሎኮች ዝርዝር በራሱ ሜሞሪ ይይዛል፤ መነሻውን ለከርነሉ አስመዝግቧል። ትሬዱ ሲሞት ከርነሉ ዝርዝሩን ተከትሎ እያንዳንዱ ላይ «ባለቤቱ ሞቷል» የሚለውን ቢት ያበራና አንድ ጠባቂ ይቀሰቅሳል። ዝርዝሩ ዞሮ ራሱ ላይ ቢመጣ ከርነሉ እንዳይታሰር 2048 ላይ ያቆማል። ስለዚህ ሲግናል 9ም ቢሆን ይሠራል።

በራስት በኩል ይህንኑ ሚውቴክስ በ«ሊብሲ» (የሲ ፈንክሽኖችን ከራስት የሚያስጠራ ላይብረሪ) ጥራው፤ በአንድ ስትራክት ሸፍነህ ጋርድ ሥራለት። አንድ ነገር አትርሳ፦ ያንተ ጋርድ ፓኒክ ላይ ሆኖ በ«ድሮፕ» ሚውቴክሱን ቢለቅ፣ ከርነሉ ሞት አላየም፤ ሌላው ፕሮሰስ 0 ያገኛል፣ የተጣመመ ሰንጠረዥም ያነባል። የመመረዝ ምልክቱን አንተው በሼርድ ሜሞሪው ውስጥ፣ ከሚውቴክሱ ጎን አንድ ባይት ይዘህ ልታስቀምጥ ይገባል። ጋርዱ ሲለቀቅ «ትሬድ::ፓኒኪንግ()» እውነት ከሆነ ባይቱን 1 አድርገው። በሲው በኩል ያለውም ባይቱን ሎክ እንደያዘ ይመልከት።

ዊንዶውስ ላይ ያለህ ከሆነ የስም ሚውቴክስ ባለቤቱ ሲሞት ጠባቂው «ዌይት_አባንደንድ» ያገኛል፤ ቁጥሩ 128 ነው። እሱም ሎኩን ሰጥቶሃል ማለት ነው፣ ጥገናው ያው የአንተ ነው። ክሪቲካል ሴክሽን (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ብቻ የሚሠራው የዊንዶውስ ሎክ) ግን ይህን አያደርግም።

---

ደረቅ_ወት

እሺ፣ «ሁሉ» ያልኩትን አንስቻለሁ። ከሲው በኩል «ፍሎክ» (የፋይል ሎክ) ለምን አይሆንም? ፕሮሰሱ ሲሞት ከርነሉ ይለቀዋል።

---

ከርነል_ጓዳ

ይለቀዋል፤ ግን አይነግርህም። የሞተና በሰላም የለቀቀ አይለዩም። ለዚህ ነው ፍሎክ ላይ የሚሠሩ ሰዎች መጀመሪያ ላይ «በሥራ ላይ» የሚል ባይት ጽፈው ሲጨርሱ የሚያጠፉት፤ ቀጣዩ ባይቱ በርቶ ካገኘው ያኛው ሞቷል ማለት ነው። አይተኸው ከሆነ ሼርድ ሜሞሪው ላይ ያስቀመጥነው ባይትም ከዚህ የራቀ አይደለም።

---

ሸማኔው

ይህን ሁሉ እንዴት ልሞክረው? ፓኒኩን በፈለግኩት ቦታ ላይ ማስነሳት እፈልጋለሁ።

---

ፊደል_ቆጣሪ

በራስት በኩል ሙከራው አጭር ነው። አንድ ትሬድ ፍጠር፣ ሎክ ይያዝ፣ ቆጣሪውን (ገና ካላወጣኸው) ይቀንስ፣ ከዚያ «ፓኒክ!» ይበል። ዋናው ሙከራ «ጆይን()» ይጥራ፤ ኤረር መመለሱን አረጋግጥ። «ትሬድ::ስኮፕ» ስትጠቀም ጆይን ሳታደርግ ከተውከው ስኮፑ ራሱ መጨረሻ ላይ ፓኒክ ያደርግና ሙከራውን ይጥለዋል፤ ስለዚህ እዚያም በግልጽ ጆይን አድርግ። ከዚያ «ኢዝ_ፖይዘንድ()» እውነት መሆኑን፣ «ጉዞዎችን_ያዝ()» ከጠራህና ጋርዱን ከለቀቅክ በኋላ ሐሰት መሆኑን፣ ነን የሆኑ ወንበሮች ብዛትም ከ«የቀሩ» ጋር መግጠሙን ፈትሽ። አሁን ያንኑ ሙከራ ፓኒኩን አንድ መስመር ወደ ላይ፣ ከዚያ አንድ መስመር ወደ ታች እያንቀሳቀስክ ድገመው።

ለሲው ደግሞ ሎክ ይዞ 60 ሰከንድ የሚተኛ ፕሮግራም ጻፍ፣ ከሌላ ተርሚናል «ኪል -9» በለው። ሁለተኛው ፕሮሰስ ወዲያው 130 ማግኘት አለበት። 60 ሰከንዱ ካለፈ በኋላም ዝም ብሎ እየጠበቀ ካየኸው «ሴት_ሮበስት» የጠራኸው ሚውቴክሱን ካስጀመርክ በኋላ ነው፤ አትሪቢዩቱ የሚነበበው ሲጀመር ብቻ ስለሆነ ቅደም ተከተሉን ቀይረው፣ የድሮውን ሼርድ ሜሞሪ ፋይልም «ዴቭ ኤስኤችኤም» ስር ካለበት ሰርዘህ እንደገና አስነሳው።